የልጅ ቀለብ ውሳኔ ሲያረጅ

(የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ።)

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን አረፈዳችሁ። የእሑድ ጠዋት ብዙ ጉዳይ አለበት። ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ እድሩ አለ፣ የሳምንቱ ልብስ አለ። ያን ሁሉ ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

በጥብቅና ሥራዬ ደጋግሞ የሚያሳዝነኝን ነገር ልንገራችሁ። እናት ትመጣለች። ልጇ አምስት ዓመቱ እያለ ፍርድ ቤት ቀለብ ወስኖላታል። ልጁ አሁን አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። የሚከፈላት ግን ያው የድሮው ብር ነው። "ለምን ይሻሻልልኝ ብለሽ አላመለከትሽም?" ስላት፣ "አንዴ ተፈርዶ የለ እንዴ?" ትላለች። አባትም ይመጣል። ከሥራ ከተቀነሰ ቆይቷል። ገቢው ሲቋረጥ ቀለቡንም አቋርጧል። ለፍርድ ቤት ግን ምንም አላለም። ውዝፉ ተከማችቶ የአፈጻጸም መጥሪያ ሲደርሰው ነው የሚደናገጠው።

ሁለቱንም የጎዳቸው አንድ ነገር ነው። የቀለብ ውሳኔ ሊቀየር እንደሚችል የነገራቸው ሰው አልነበረም። ይጨመራል፣ ይቀነሳል፣ እንደ ሁኔታው ከአንዱ ወላጅ ወደ ሌላውም ይዞራል። የሚቀይረው ግን ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ዛሬ የመጣሁት ይህንን ለመናገር ነው።

ሕጉ ምን ይላል? አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። አንቀጽ 113 ላይ ፍርድ ቤት ፍቺ ሲወስን ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ቀለባቸውና ከወላጆቻቸው ጋር ስለሚገናኙበት ሁኔታ አብሮ እንዲወስን ያዛል። እዚያው አንቀጽ ላይ፣ ለውሳኔው ምክንያት የሆነው ሁኔታ ሲለወጥ ውሳኔው እንደገና ሊታይ እንደሚችል ተቀምጧል። ስለ ቀለብ በዝርዝር የሚናገረው ክፍል ደግሞ ከአንቀጽ 197 ይጀምራል። ቀለብ ሲባል ምግብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መጠለያ አለበት፣ ልብስ አለበት፣ ሕክምና አለበት፣ ትምህርት አለበት።

መጠኑስ በምን ይሰላል? ሁለት ነገር ይታያል። የልጁ ፍላጎትና የከፋዩ አቅም። ከዚህ ውጭ በመቶኛ የተቀመጠ ቀመር የለም። "ሕጉ የደመወዙን አንድ ሦስተኛ ነው የሚለው" ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ይህ ከሌላ ሕግ የመጣ ነገር ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ እንደሌለበት ይደነግጋል። አሠሪው ስንት መቁረጥ እንደሚችል ነው የሚናገረው። ልጁ ስንት እንደሚገባው አይወስንም። ዳኛው የልጁን ወጪና የወላጆቹን አቅም አይቶ ነው የሚወስነው። ወላጆቹን ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ግዴታው የሁለቱም ነው፤ የእናትም ገቢ ይታያል።

አሁን በብዛት ወደሚያደናግረው ነገር ልምጣ። ውሳኔ ያልተመቸው ሰው ሁሉ "ይግባኝ" ይላል። ይግባኝ የሚባለው ዳኛው ያን ቀን ተሳስቷል የሚል አቤቱታ ነው፤ ጊዜውም ፍርዱ ከተሰጠ 60 ቀን ነው። ውሳኔው ይሻሻልልኝ የሚለው ግን ሌላ ነው። ዳኛው ያን ቀን በነበረው ነገር ልክ ነበር፤ ዛሬ ግን ነገሩ ተለውጧል ማለት ነው። ለዚህ የ60 ቀን ገደብ የለበትም። ዓመት ቢሆነው፣ አምስት ዓመት ቢሆነው ይቀርባል። አንዴ የተፈረደበት ጉዳይ እንደገና አይከሰስበትም የሚለው መከላከያም እዚህ ላይ ብዙ አያስኬድም፤ ክርክሩ አዲስ በተፈጠረ ሁኔታ ላይ ነውና።

ሦስተኛም አለ። ውሳኔው ጥሩ ነው፣ ግን እየተከፈለ አይደለም። እንደዚያ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ አፈጻጸም ነው። የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል፣ ፍርድ ቤቱ ለአሠሪው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ከደመወዝ ይቆረጣል፤ ደመወዝ ከሌለው ንብረት ይታያል። መክፈል እየቻለ ያለ በቂ ምክንያት የሚከለክል ሰው በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 ሊጠየቅም ይችላል። በነገራችን ላይ ውዝፍን ዝም ብላችሁ አታከማቹ። ሕጉ ሦስት ወር አልፎት ያልተጠየቀ ቀለብ፣ ለመኖር አስፈላጊ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር አይጠየቅም ይላል። "ይጠራቀምና በአንዴ እወስዳለሁ" የሚል ሰው ራሱን ነው የሚጎዳው።

ወደ ማሻሻሉ ልመለስ። ዳኛው ፊት የምትመልሱት ጥያቄ አንድ ነው። ካለፈው ውሳኔ ወዲህ ምን ተለወጠ?

"ኑሮ ተወዷል" ትክክለኛ መልስ ነው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ዳኛውም ገበያ ላይ ያየዋል። ግን ይህ ብቻውን አይበቃም። ኑሮ የተወደደው ለከፋዩም ነዋ። ስለዚህ የልጁን ነገር ማሳየት ያስፈልጋል።

አንዲት እናት፣ ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬ ልናገር፣ በጥቁር ፌስታል ሙሉ ወረቀት ይዛ መጣች። የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የጫማ ቤት ወረቀት፣ የመብራት ቢል ሳይቀር። አንዱ በአንዱ ላይ ተጨማድዷል። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍነው። መጀመሪያ የልጁን ከቤቱ ለየን። ከዚያ በየወሩ የሚመጣውን አንድ ጊዜ ብቻ ከወጣው ለየን። ትምህርት ቤት በየወሩ ነው። ሰርቪስ በየወሩ ነው። የአስም መድኃኒቱ በየወሩ ነው፤ የሐኪም ወረቀትም አለው። ጫማው የአንድ ጊዜ ነው። ሲደመር የልጁ የወር ወጪ ከሚከፈላት ቀለብ ከእጥፍ በላይ ሆነ። አስሙ የታወቀው ደግሞ ከመጀመሪያው ውሳኔ በኋላ ነው። እሷ ይህን እንደ ተጨማሪ ነገር ነበር የምታየው። ለእኔ የመዝገቡ ዋና ነገር እሱ ነበር። ሲወሰን ያልነበረ፣ አሁን ያለ፣ በወረቀት የሚታይ ለውጥ ነው።

ማመልከቻውም እንዲህ ነው መጻፍ ያለበት። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ ልጆች አሉ፤ ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው። አንዳንዱ ግን ገጹን በምሬት ይሞላዋል። "ተጠሪ ጨካኝ ነው፣ ልጁን ረስቶታል፣ ሌላ ሴት አግብቶ ይዝናናል።" ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ለዳኛው ግን የሚሰጠው ነገር የለም። እንበልና ውሳኔው የተሰጠው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ የተወሰነው በወር 1,500 ብር ነው። እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦ "ውሳኔው ሲሰጥ ልጁ መዋዕለ ሕፃናት ነበር። አሁን ስድስተኛ ክፍል ነው። የትምህርት ቤት ክፍያው ይህን ያህል ነበር፣ አሁን ይህን ያህል ሆኗል። በዚህ ዓመት ይህ ሕመም ታውቆበታል፣ በወር ይህን ያህል ያስወጣል። ተጠሪ ያን ጊዜ ረዳት ነበር፣ አሁን የራሱ መኪና አለው። ስለዚህ ቀለቡ ወደዚህ ያህል ከፍ እንዲል እጠይቃለሁ።" አጭር ነው፤ ዳኛው የሚፈልገው ግን ሁሉ አለበት። የምትፈልጉትንም በቁጥር ጻፉት። "ፍርድ ቤቱ የመሰለውን ይጨምርልኝ" አትበሉ።

ከማመልከቻው ጋር የሚያያዙት የታወቁ ናቸው። የቀድሞው ውሳኔ ግልባጭ፣ የልጁ የልደት የምስክር ወረቀት፣ ደረሰኞቹ፣ የማስረጃና የምስክር ዝርዝር፣ እውነት መሆኑን የምታረጋግጡበት ቃለ መሐላ። ግልባጩ ከጠፋባችሁ የመዝገብ ቁጥሩን ይዛችሁ ከፍርድ ቤቱ ማውጣት ይቻላል።

ከባዱ የከፋዩን ገቢ ማሳየት ነው፤ በተለይ እዚህ እኛ አካባቢ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ይበቃል። ግን ስንቱ ነው ደመወዝተኛ? ባጃጅ የሚነዳ አለ፣ ደላላ አለ፣ ብሎኬት የሚያመርት አለ፣ ከመርካቶ እቃ እያመጣ የሚሸጥ አለ። "ገቢ የለኝም" ብሎ በችሎት ይቆማል፣ ከችሎት ወጥቶ በራሱ መኪና ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ተስፋ አትቁረጡ። መረጃው እናንተ እጅ ባይኖርም ያለበትን ቦታ ካወቃችሁ ይበቃል። መኪናው ሊብሬ አለው፣ ሱቁ ንግድ ፈቃድ አለው፣ ቤቱ የኪራይ ውል አለው፣ ባንኩ ሒሳብ አለው። ጠበቆች "በ145 ይታዘዝልን" የሚሉት ይህንን ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 145 መሠረት ፍርድ ቤቱ ማስረጃው ካለበት ቦታ እንዲቀርብ እንዲያዝ ትጠይቃላችሁ። የመኪናውን ታርጋ፣ የባንኩን ስምና ቅርንጫፍ፣ የሱቁን አድራሻ በትክክል ጻፉ። "ባንክ ውስጥ ብር አለው" ብቻ ከሆነ ትእዛዙ ወዴት እንደሚጻፍ አይታወቅም። ሥራውን የሚያውቁ ጎረቤቶችም ምስክር ይሆናሉ።

ወደ አባቶች ልምጣ። አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁን አጥቁራችኋል፤ ግድ የለም፣ ይህ ሕግ ለእናንተም ነው። ሥራ ካጣችሁ፣ ከታመማችሁ፣ ሌላ ልጅ ከተወለደ፣ ወይም ልጁ እናንተ ጋ መኖር ከጀመረ ይቀነስልኝ ወይም ይቅርልኝ ማለት መብታችሁ ነው። የስንብት ደብዳቤውን፣ የሐኪም ማስረጃውን፣ የአዲሱን ልጅ የልደት ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ግን በዚያው ሰሞን ሂዱ። አዲስ ትእዛዝ እስኪሰጥ ድረስ የሚቆጠረው የድሮው ነው። በየወሩ ይቆጠራል። ዳኛው የሚያየው ሌላም ነገር አለ፦ ሥራው ጠፍቶባችሁ ነው ወይስ ቀለቡን ለመሸሽ ትታችሁት ነው? ሁለተኛው ከሆነ መቀነሱን አትጠብቁ።

እስከዚያው የቻላችሁትን ክፈሉ። በእጅ አትስጡ። በባንክ ወይም በቴሌብር ላኩ፣ ምክንያቱ ላይ "የልጅ ቀለብ" ብላችሁ ጻፉ። ለዓመታት በእጁ ሲሰጥ ኖሮ አንዲት ወረቀት ማቅረብ ያቃተው አባት አይቻለሁ። እውነቱን ነው የሚናገረው። ግን በምን ያስረዳ?

ከፍርድ ቤት ውጭ የሚደረጉ ሁለት ነገሮች ልጆቹን በጣም ይጎዳሉ። አንዱ "ልጄን ካላሳየችኝ አልከፍልም" ነው። የእሱ ግልባጭ ደግሞ "ካልከፈለ አላሳየውም" ነው። ቀለብ ለብቻው ነው፣ መገናኘት ለብቻው ነው። ልጁን ከከለከለችህ በዚያው ፍርድ ቤት አመልክት። ካልከፈለሽ አፈጻጸም ክፈቺ። ልጁን መያዣ ማድረግ ለሁለታችሁም አይፈቀድም። ልጁ አባቱን የማየት መብት አለው፤ የመብላትም መብት አለው። አንዱን በሌላው ማስያዝ ደግሞ ጭካኔ ነው።

ሁለተኛው በሽማግሌ የሚደረገው ስምምነት ነው። ሽማግሌ ጥሩ ነው። እኔም ብዙ ጊዜ ደንበኞቼን ወደዚያ እመክራለሁ፤ ከክርክር የተረፈ ብር ለልጅ ይሆናል። ግን ስምምነቱ ቤት ውስጥ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ ከቀረ የፍርድ ቤቱን ትእዛዝ አይሽረውም። ሁለታችሁም ፈርማችሁ ለፍርድ ቤቱ አቅርቡት፤ የልጁን ጥቅም የማይጎዳ ከሆነ ያጸድቀዋል። "ቀለብ አልፈልግም፣ ብቻ አይድረስብኝ" ብላችሁ የምትፈርሙ እናቶችም ሁለት ጊዜ አስቡ። ቀለቡ የልጁ ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 36 ላይ ልጆችን በሚመለከት ሁሉ የልጁ ጥቅም እንዲቀድም ያዛል። ያው አንቀጽ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ከጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት እንዳለውም ይናገራል።

የት ነው የሚመለከተው? እዚህ አካባቢ ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። እኛ ያለንበት አዲስ አበባ ነው። ትንሽ አለፍ ስትሉ ለገጣፎ ነው፤ ሸገር ከተማ፣ ኦሮሚያ ክልል። ባል እዚያ ተከራይቶ፣ ሚስት እዚህ ኮንዶሚኒየም ደርሷት የሚኖሩ ብዙ አሉ። አዲስ አበባ ላይ የቤተሰብ ጉዳይ የሚታየው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎቶች ነው። ኦሮሚያ የራሱ ፍርድ ቤቶች አሉት፣ የራሱ የቤተሰብ ሕግም አለው፤ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። በተለምዶ የማሻሻያ ጥያቄ የሚቀርበው ውሳኔውን ለሰጠው ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ግልባጩን አውጥታችሁ ራስጌው ላይ የማን ፍርድ ቤት እንደሚል እዩ። ቤት ቀይራችሁ ከሆነ ደግሞ መዝገብ ከመክፈታችሁ በፊት ሬጅስትራሩን ጠይቁ። ሥልጣን በሌለው ፍርድ ቤት ከፍቶ ወራት ማቃጠል ያሳዝናል። ሙስሊም ወገኖቻችን ደግሞ ሁለቱም ወገኖች ፈቃዳቸውን ከሰጡ በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት ይችላሉ።

ሂደቱ ራሱ ብዙ ወግ የለውም። መዝገብ ይከፈታል፣ መጥሪያ ይወጣል፣ መጥሪያውን ለተጠሪው ታደርሳላችሁ፣ መልስ ይሰጣል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ሁለታችሁም ትሰማላችሁ። በቀጠሮ ቀን አትቅሩ። ታክሲ አጣሁ አይባልም፤ ከዚህ እስከ መሐል ከተማ ያለውን ሰልፍ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ በጊዜ ውጡ። ዳኛው የልጁን አኗኗር በደንብ ማወቅ ሲፈልግ ማኅበራዊ ሠራተኛ አጣርታ ሪፖርት እንድታቀርብ ሊያዝ ይችላል። ቤታችሁ ብትመጣ እንደ እንግዳ አስተናግዷት እንጂ አትደናገጡ። ያለውን አሳዩ።

የዳኝነት ክፍያ የሌለው ሰው ከወረዳው ማስረጃ አምጥቶ በነፃ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ጠበቃ የግድ አይደለም። የሚረዳ ለሚፈልግ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የሕግ ትምህርት ቤቶችም የነፃ አገልግሎት ማዕከላት አሏቸው።

ጥያቄዎችን ልቀበል።

እዚህ ጋ እማማ የጠየቁት ጥሩ ጥያቄ ነው። ልጃቸው ዓረብ አገር ናት፤ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው፤ አባትየው ድሮ የተወሰነውን ብቻ ይከፍላል። እማማ፣ እርስዎም ማመልከት ይችላሉ። ግን መጀመሪያ በልጁ ስም ለመቅረብ የሚያስችል ወረቀት ይያዙ። ወይ የእናትየው ውክልና፣ ወይ የሞግዚትነት ውሳኔ። ያለዚያ ሬጅስትራሩ ይመልስዎታል። ደረሰኞቹንም በደንብ ያስቀምጡ፤ የትምህርት ቤቱን በተለይ።

"ልጁ አሥራ ስምንት ሲሞላው ያበቃል ወይ?" ለተባለው፦ አካለ መጠን ሲደርስ ነገሩ ይቀየራል። ግን ራሱን መቻል ያልቻለ፣ ለምሳሌ በሕመም ምክንያት ሠርቶ መብላት የማይችል ልጅ፣ በራሱ ስም ቀለብ መጠየቅ ይችላል። ወላጅና ልጅ እስከ መጨረሻው ተደጋጋፊ ናቸው፤ የተቸገሩ ወላጆችም ልጆቻቸውን ቀለብ ይጠይቃሉ።

"ጭማሪው ካለፉት ዓመታት ጀምሮ ይታሰብልኛል?" ብለሽ ለጠየቅሽኝ እህቴ፦ በዚያ ላይ ተስፋ አታድርጊ። የሚጠቅምሽ ቶሎ ማመልከቱ ነው። የወቅቱን ነገርም አስቢ። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ነሐሴና መስከረምን እረፍት ላይ ናቸው፤ በዚያ ጊዜ ተረኛ ችሎት የሚያየው አስቸኳይ ጉዳይ ነው። የትምህርት ቤት ምዝገባው፣ ዩኒፎርሙ፣ ደብተሩ የሚመጣው ደግሞ ልክ በዚያን ሰሞን ነው። ስለዚህ ለመስከረም የሚሆን ጭማሪ የምትፈልጉ በሚያዝያና በግንቦት መዝገብ ክፈቱ። በሐምሌ መጨረሻ ብትሄዱ ቀጠሮው ጥቅምትን ያልፋል።

ግልባጭ ይዛችሁ የመጣችሁ አላችሁ፤ እጃችሁ ላይ አያለሁ። እናንተ ቆዩ። አንድ በአንድ እናየዋለን። ያልያዛችሁ የመዝገብ ቁጥራችሁን ብቻ ጽፋችሁ ስጡኝና ከየትኛው ፍርድ ቤት እንደምታወጡት አሳያችኋለሁ።